ጡቡ በየጎኑ እኩል ከከበደ ሰፊ ጎማ ምን ይሠራል?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሰበቃ፣ ማለትም የሚነካኩ ነገሮች እንዳይንሸራተቱ ስለሚይዘው ኃይል፣ ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። መጽሐፉ ሰበቃን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው ይላል። አንዱ ዕቃው ወለሉን የሚጫንበት ኃይል ነው። ሌላው የሚነካኩት ነገሮች ዓይነት ነው፤ እንጨት በእንጨት፣ ብረት በብረት፣ ጎማ በአስፋልት። የሚነካኩበት ስፋት ግን ለውጥ አያመጣም ይላል። የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አባቷ ጎማ ሲገዛ ስፋቱን ለምን እንደሚያይ፣ የፍሬን ሸራም ለምን ትልቅና ትንሽ እንዳለው ጠየቀችኝ።

ጡብ አምጥቼ በገመድና በስፕሪንግ ሚዛን ጎተትኩላት። መጀመሪያ በሰፊው ጎኑ አስተኝቼ፣ ቀጥሎ በጠባቡ ጎኑ አቁሜ። ሚዛኑ ያው ነው። ልጅቷ አየች፤ አመነችም። የጎማው ጥያቄ ግን እንዳልተመለሰላት ፊቷ ይናገራል። እኔም ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እናንተ አመጣሁት። ስፋት ለውጥ ካላመጣ ሰፊ ጎማ ምን ይሠራል? ሻካራ ነገርስ ሁልጊዜ ከልስልሱ የበለጠ ይይዛል? ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ መሐንዲሶች፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ልጅቷ የተሟላ መልስ ይገባታል።

መልሶቹ

በአራት ቀን 31 መልስ መጣ። አሁን ለምትገቡ ሁሉን ማንበብ ስለሚከብድ በቁጥራቸው እየጠራሁ ልተርክላችሁ።

1ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከሁሉ በፊት ልጅቷን አመሰገኑ። ከዚያ መጽሐፉ ትክክል መሆኑን ገልጸው ታሪኩን አከሉ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ዕቃዎችን በየጎናቸው እያስተኛ ጎትቶ፣ ስፋት ለውጥ እንደማያመጣ በማስታወሻው ጽፎ ነበር። ማስታወሻው ሳይታተም ቀረ። ያንኑ ነገር ጊዮም አሞንቶን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1699 እንደገና አገኘው። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሰዎች መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። ፊሊፕ ደ ላ ኢር የተባለ ባልደረባቸው ሙከራውን ደግሞ ሲያየው ግን ያው ሆነ። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ልጅቷ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። የዘመኑ ሊቃውንትም እንደ እሷ ግራ ተጋብተው ነበር።

መምህሩ ሚዛን ለሌለው ትምህርት ቤት የሚሆን ዘዴም ነገሩን። ዕቃውን ሳንቃ ላይ አስቀምጦ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። ዕቃው መንሸራተት ሲጀምር ከፍታውን በአግድም ርቀቱ ማካፈል። በ1 ሜትር አግድም ርቀት 50 ሳንቲ ሜትር ከተነሳ፣ የሰበቃው ቁጥር (ዕቃውን ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ወለሉን ለሚጫንበት ኃይል ሲካፈል) 0.5 ይሆናል። ይህን ዘዴ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

2ኛው በአንድ መስመር ሕጉ የታወቀ ስለሆነ የሚያወያይ ነገር እንደሌለ ጻፈ። 3ኛው በዚህ ተናደደ። ከ20 ዓመት በላይ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ጣርማ በርን በጉምና በዝናብ የተሻገረ ሰው ጎማ መሬት ሲይዝና ሲለቅ በመቀመጫው እንደሚያውቀው፣ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ሕግ ይህን ሊነግረው እንደማይችል ጻፈ። 4ኛው ከሹፌሩ ጋር ተስማማ። ሰፈሩ ያለውን ኮብልስቶን ምሳሌ አደረገ። ሲነጠፍ ሻካራ ነበር፤ ዛሬ በእግርና በመኪና ተወልውሎ ዳገቱ ላይ በዝናብ ቀን ሰው ይጥላል። ስለዚህ ሻካራነት ሁሉ ነገር እንደሆነ ደመደመ።

ከዚያ 5ኛው መጣ። ሜካኒካል መሐንዲስ ነች። የዚህ ውይይት ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

መሐንዲሷ የጀመረችው በዓይናችን የምናየው ስፋት የሚነካኩበት ስፋት አለመሆኑን በመግለጽ ነው። የተሞረደ ብረት እንኳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለት ብረቶች ሲደራረቡ የሚነካኩት ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ቦውደንና ቴቦር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደንብ አሳዩ። ቦውደን ነገሩን ሲያስረዳ ስዊዘርላንድን ገልብጦ ኦስትሪያ ላይ ከማስቀመጥ ጋር አመሳስሎት ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የስሜንን ተራሮች ገልብጬ ላስታ ላይ አስቀምጣለሁ።

ቀጥላ አሰላችው። የለስላሳ ብረት አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ጫፍ ወደ 100 ኪሎ ሲጫኑት ይጨፈለቃል። አሁን 10 ኪሎ የሚመዝን የብረት ኪዩብ ብረት ወለል ላይ አስቀምጡ። ጫፎቹ እየተጨፈለቁ የሚሰፉት ክብደቱን መሸከም እስኪችሉ ድረስ ነው። ለ10 ኪሎ ደግሞ 0.1 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። የኪዩቡ ፊት ግን ከ11,000 ካሬ ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በእውነት የሚነካው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ያንኑ 10 ኪሎ ብረት በኪዩብ ፈንታ እንደ ጡብ ብትሠሩትና በጠባብ ጎኑ ብታቆሙት ክብደቱ አልተለወጠም፤ ስለዚህ የተጨፈለቀው ስፋትም ያው 0.1 ነው። ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን የተጨፈለቀው እጥፍ ይሆናል፤ ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ የመጽሐፍ ሕጎች ከአንድ ምክንያት ወጡ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ስንት ዓመት ሳስተምር ስፋት ለውጥ አያመጣም እያልኩ ነው። እውነቱ ስፋት ለውጥ ያመጣል የሚለው ነው፤ ለውጥ የማያመጣው የሚታየው ስፋት ነው።

6ኛው ታዲያ ሰበቃ የተራራዎቹ መቆላለፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 7ኛው እንደዚያ እንደሆነ መለሰለት፤ ሻርል ኩሎም የተባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስትም እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ እንዲሁ ያስብ እንደነበር ጠቀሰ። መሐንዲሷ በ8ኛው አረመችው፣ በትሕትና። ዳገት ለመውጣት የከፈልከውን ጉልበት ቁልቁለቱ ይመልስልሃል። መቆላለፍ ብቻውን ቢሆን ጉልበቱ የት ጠፍቶ ነው ወለሉ የሚሞቀው? ዋናው ጉዳይ ጫፎቹ የሚነካኩበት ቦታ ላይ መጣበቃቸውና ሲላቀቁ መበጠሳቸው ነው። ልስላሴ ሁልጊዜ ማንሸራተት ማለት እንዳልሆነም አከለች። በደንብ የታጠቡ ሁለት መስታወቶች አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ አይንሸራተቱም፤ የሰበቃ ቁጥራቸው ወደ 1 ይጠጋል።

9ኛው ይህንኑ አጠናከረ። የማሽን ሾፕ ሰው ነው። ለመለኪያ የሚሠሩ፣ እጅግ የለሰለሱ የብረት ብሎኮች አሉ፤ ስዊድናዊው ዮሃንሰን ነው የፈለሰፋቸው። ሁለቱን ገፋ አድርገህ ብታገናኛቸው ይጣበቃሉ፤ አንዱን ስታነሳ ሌላው ተንጠልጥሎ ይመጣል። ጋሊሊዮ የምትባለዋን መንኩራኩርም አነሳ። ትልቁ አንቴናዋ እ.ኤ.አ. በ1991 ጠፈር ላይ አልከፈት ብሎ ቀረ። መሐንዲሶቹ የደረሱበት ምክንያት ቅባቱ ተጠርጎ ብረት ከብረት መያያዙ ነው። ጁፒተር ላይ ሥራዋን የጨረሰችው በትንሿ አንቴና ነው።

10ኛው ላይ ጨዋታው ወደ ማዕድ ቤት ዞረ። አንዲት እናት የእጅ ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉን ማድቀቅ ትቶ ማንሸራተት እንደሚጀምር፣ ለዚህም ወፍጮው በየጊዜው እንደሚወቀር አስታወሱን። ወፍጮውም መጁም። ልስልስ ወፍጮ የሚፈጭ የፈጪዋን ወገብ ብቻ ነው። 11ኛዋ ምጣድን አመጣች። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ ቀዳዳዎቹ በዘይቱ ይሞላሉ፣ እንጀራው አይያዝም። 12ኛው ጥያቄው ስለ ጎማ መሆኑን አስታውሶ በቁጣ ሁለቱንም ወቀሰ። ጥሩ አልሠራም። እትዬ ያመጡት ወፍጮ ከርዕሱ አልወጣም ነበር።

ይህን ያሳየው 13ኛው ነው። ወፍጮው የያዘው ቁልፍ ነገር ጠንካራው ለስላሳውን መቆፈሩ ነው። ድንጋይ እህልን፣ የብርጭቆ ወረቀት እንጨትን፣ የአስፋልት ጠጠር ጎማን ይቆፍራል። እንዲህ ባለ ቦታ ሻካራነት በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱም ጠንካራና ደረቅ ሲሆኑ ግን ሻካራነቱ ብዙም አይወስንም። ምጣዱ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እሱ የመጣበቅ እንጂ የመንሸራተት ጥያቄ አይደለም። የ4ኛው ኮብልስቶንም እዚህ ጋ መልሱን አገኘ። የጫማችን ሶል ለስላሳ ነው፤ ሻካራው ድንጋይ ይገባበታል። ድንጋዩ ሲወለወል የሚገባ ጫፍ የለም። ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ውሃው በሶሉና በድንጋዩ መካከል ይቀራል። ሻካራው ድንጋይ ቢሆን ውሃውን በጫፎቹ በጥሶ በሸለቆዎቹ ያስወጣው ነበር።

14ኛው ስለ ቃሉ ጻፈ። ሰበቃ ከሚለው ይልቅ ፍትጊያ ለልጆች እንደሚቀርብ ያምናል። ሁለቱንም ልጠቀም እችላለሁ፣ አልጣላም። ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሹፌሮቻችን ፍሪሲዮን የሚሉት የጣልያንኛ ቃል ትርጉሙ ራሱ ሰበቃ ነው። በቀን መቶ ጊዜ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሹፌር የትምህርቱን ስም በእግሩ ስር ይዞት ነው የሚውለው። ይህን ለክፍሌ ወዲያው ነገርኩ።

15ኛው ወደ ጎማው መለሰን። እኔ ከሁሉ በላይ የተማርኩት ከዚህ መልስ ነው። 1200 ኪሎ የምትመዝን የቤት መኪና ውሰዱ። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 300 ኪሎ ገደማ ያርፋል። ጎማው 30 ፒኤስአይ ተነፍቷል እንበል፤ በካሬ ሳንቲ ሜትር 2.1 ኪሎ ነው። 300ን ለ2.1 ብታካፍሉት 143 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጎማው መሬት የሚነካው በዚህ ያህል ብቻ ነው። ከነጣቶቹ የተዘረጋ አንድ እጅ ማለት ነው። አሁን ሰፊ ጎማ ግጠሙና ያንኑ 30 ንፉት። የሚነካው ስፋት ከሞላ ጎደል ያው ነው! ቅርጹ ብቻ ይለወጣል፤ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ፊትና ኋላ ያጥራል። ስፋቱን የሚወስነው ክብደቱና ንፋሱ እንጂ የጎማው ወርድ አይደለም። ለዚህ ነው ጎሚስታው ጋ የንፋስ መለኪያውን ቆሞ ማየት የሚገባው።

3ኛው ሹፌር በ16ኛው ተመልሶ መጣ፣ በጣም ተቆጥቶ። በወረቀት ላይ የተሰላ ጎማ ማንንም ይዞ እንደማያቆም፣ 15ኛው ከቢሮው ወጥቶ አንድ ቀን ቢነዳ እንደሚሻለው ጻፈ። አነጋገሩ ከረር ያለ ነበር፤ ግን የሚያውቀውን ነው የተናገረው። 17ኛው ለሹፌሩም የሚገባውን ሰጠው። ጎማ እንደ ብረትና እንደ ጡብ አይደለም። ለስላሳ ስለሆነ በጠጠሩ ዙሪያ ይጠቀለላል። ጫናው በአንድ ቦታ ላይ ሲበዛ የሰበቃ ቁጥሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ጭነቱን በሰፊው ማከፋፈል በጎማ ላይ ይጠቅማል። በተጨማሪ ሰፊ ጎማ ሙቀቱንና መበላቱን በሰፊ ገላው ላይ ያከፋፍላል፤ ለዚህ ነው የውድድር መኪኖች ለስላሳና ሰፊ ጎማ የሚገጥሙት። የጭነት መኪና ከኋላ ጥንድ ጥንድ ጎማ የሚደረድረው ግን በዋነኛነት ጭነቱን ለመሸከም ነው። የመጽሐፉ ሕግ ለጡብ በደንብ ይሠራል፤ ለጎማ ግን በግምት ብቻ ነው። ይህን መጽሐፉ ቢጽፈው ኖሮ ልጅቷም እኔም ባልተቸገርን ነበር።

18ኛው ከዱባይ ነው የጻፈው። አሸዋ ሲገቡ የጎማ ንፋስ ወደ 15 ፒኤስአይ ዝቅ እንደሚያደርጉ ነገረን። በ15ኛው ስሌት መሠረት ንፋሱ ሲገመስ የሚነካው ስፋት እጥፍ ይሆናል። መኪናው የሚተርፈው ግን ሰበቃ ስለጨመረ ሳይሆን ስለማይሰጥም ነው። 19ኛው ከጀርመን። እዚያ በረዶ ባለበት መንገድ ለበረዶ የተሠራ ጎማ ሳይገጥሙ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። ተራ ጎማ በብርድ ይደርቃል፤ የበረዶው ጎማ ግን በብርድም ልስላሴውን አይለቅም። ጥርሱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። 20ኛው ላይ አንድ ወጣት የ17ኛውን ንግግር ይዞ አደገኛ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የውድድር መኪና ጎማ ልስልስ ከሆነ፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ መሬቱን የበለጠ ስለሚነካ መቀየር አያስፈልገውም ባይ ነው። የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2008 ጎማ ላይ ቦይ እንዲቆረጥ ያስገደደው መኪኖቹ በኩርባ ላይ የሚይዙበትን አቅም ለመቀነስ እንደነበር ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ማስረጃው እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ሰው ይገድላል።

21ኛውና 22ኛው ተሳደቡ። ስድቡን አልደግመውም። 23ኛዋ አልተሳደበችም። ወንድሟ የተሳፈረበት ሚኒባስ በሐምሌ ዝናብ ከአስፋልት እንደወጣ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች እንደ ሊሾ ወለል ያበሩ እንደነበር ጻፈች። ወንድሟ ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

24ኛው ስሌት አመጣ። ደረቅ አስፋልት ላይ የጎማ ጥርስ ብዙም አይጠቅምም፣ እንዲያውም የሚነካውን ይቀንሳል። ጥርሱ የተሠራው ለውሃ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ በተኛበት መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ፣ በየሰከንዱ ወደ 13 ሊትር ውሃ ከፊቱ መግፋት አለበት። በየሰከንዱ ከአንድ ትልቅ ባልዲ በላይ! ያ ውሃ የሚወጣው በቦዮቹ ነው። ቦይ ከሌለ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። መሪ ብታዞር አይሰማም፣ ፍሬን ብትይዝ አይሰማም። ናሳ ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ ባጠናው ግምት፣ ውሃው ከጥርሱ ጥልቀት ከበለጠ 30 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ በ90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይንሳፈፋል። ንፋሱ ወደ 20 ከወረደ በ75 ገደማ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው። በአውሮፓ ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መጣል አለበት። የውድድር መኪኖቹም ዝናብ ሲመጣ ልስልሱን አውጥተው ቦይ ያለውን ይገጥማሉ።

25ኛው እኔ ነኝ። ስድቡ እንዲቆም ለመንኩ። ወጣቱንም በቅንነት ጠየቅኩት፤ መኪና ካለው ነገውኑ ጎማውን እንዲያይ። 26ኛው ላይ ወጣቱ ተመልሶ 23ኛዋን ይቅርታ ጠየቀ። ጎማውን በሳንቲም ጠርዝ እንደለካና ሁለቱን እንደሚቀይር ጻፈ።

27ኛው የልጅቷን ሁለተኛ ጥያቄ መለሰ፤ የፍሬን ሸራውን። በአባይ በረሃ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ፔዳሉ ሸራውን በእኩል ኃይል ከተጫነው፣ ትልቅ ሸራና ትንሽ ሸራ ከሞላ ጎደል እኩል እንደሚይዙ አመነ። ጡቡ ላይ ያየነው ሕግ ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ ነው። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 8 ሊትር ናፍጣ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ያን ሁሉ ሙቀት ሸራውና ታምቡሩ ከተሸከሙት ሸራው ግሎ ይከዳል፤ ብትረግጠውም አይዝም። ትልቅ ሸራ ሙቀቱን ያከፋፍላል፣ ቶሎም አያልቅም። ለማንኛውም እሱ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ፍሬኑን ለመጨረሻው ያቆየዋል።

28ኛውና 29ኛው ስለ ባቡር ጻፉ። የባቡር ብረት ጎማ ሐዲዱን የሚነካው በአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል ነው፤ ግን ጭነቱ ከባድ ስለሆነ ይይዛል። ሐዲዱ ሲረጥብ ሎኮሞቲቩ ከጎማው ፊት አሸዋ ይረጫል። 30ኛው ለ10ኛዋ እናት ጥያቄ ነበረው፤ ወፍጮ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚወቀር። እስካሁን አልመለሱም።

31ኛውን የለጠፍኩት ዛሬ ከሰዓት ነው። ከክፍሉ ጋር ሳንቃውን አነሳን። የእንጨት ብሎኩ በ1 ሜትር ርቀት በሰፊው ጎኑ 41 ሳንቲ ሜትር፣ በጠባቡ 40፣ በቁሙ 41 ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ ልጅቷ ከአባቷ አሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ከቦርሳዋ አወጣች። ባዶውን ስናስቀምጠው ሳንቃው በጣም ዳገት ሆኖ እንኳ ያዘ። ላዩ ላይ ጡብ ስናስር ቀደም ብሎ ለቀቀ። ልጅቷ ቁጥሮቹን በደብተሯ ጽፋ፣ ነገ ሳንቃውን አርጥባ ልትደግመው ባልዲ እንዳመጣላት ነገረችኝ።